የግንቡ ቁልፍና የጋሽ ታደሰ ሹራብ

ባለፈው ጥቅምት የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት ስቶን ማውንቴን ፓርክ ውስጥ የአንድ ቀን ሽርሽር አዘጋጅቶ ነበር። ቦታውን ሪዘርቭ ያደረገችው እህታችን ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ በዚያው ቅዳሜ የስኮትላንድ ዘር ያላቸው ሰዎች በዓላቸውን እዚያው እንደሚያከብሩ ነው። ፓርክ የምናደርግበት አጥተን ስንዞር አረፈድን። ምግቡን ከመኪና አውርደን ሳንጨርስ ዝናብ መጣ፤ ሽንሽን ቀሚስ የለበሱ ትልልቅ ወንዶች በብብታቸው የያዙትን የሙዚቃ አቁማዳ እየሸፈኑ ወደ እኛ መጠለያ ሮጠው ገቡ። ተጠጋጋንላቸው።

ከኅብረታችን በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት እማማ አበበች አንዱን ከራሱ እስከ እግሩ አዩትና፣ «ጌታ ይባርክህ ልጄ፣ ጉልበትህን አይበርድህም?» አሉት በአማርኛ። ሰውየው የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ሳምቡሳ ሰጡት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔ ሳቁ ውስጥ አልነበርኩም። ከዚያ ሁሉ ከረጠበ ቀሚስ የሚወጣው ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነበር። የእርጥብ ሱፍ ሽታ ነው። በግ በግ ይላል፣ ትንሽ የአፈር፣ ትንሽ የቆየ ቅባት አለበት። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሁሉም ነገር በማሽን ታጥቦ ሳሙና ሳሙና ነው የሚሸተው፤ እንዲህ ያለውን ካሸተትኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል።

«ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ ልጄ ቤቴል።

«ደህና ነኝ። ይኼ ሽታ የእትዬ ኤልሲ ቤት ሽታ ነው።»

«እትዬ ኤልሲ ደግሞ ማናት?»

«ስኮትላንድ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ።»

«ዌይት። ስኮትላንድ ኖረሻል? ላይክ፣ ለጉብኝት ሳይሆን ኖረሻል?»

አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። እስከ ዛሬ ያልነገርኳት የምደብቀው ኖሮኝ አይደለም። እዚህ አገር ሰው ከየት ነሽ ሲል የሚፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ሁለት ሲሰጡት ግራ ይገባዋል። ቤቴል አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ይህን እናንተ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ታነቡላታላችሁ። ልጅ ስለነበርኩም፣ ያኔ በዓይኔ ያየሁትንና አድጌ ከአባቴ የሰማሁትን እንዳልቀላቅል ተጠንቅቄ እጽፋለሁ።

አባቴ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ደብረ ዘይት ያስተምር ነበር። የበግ በሽታ እንዲያጠና ለአንድ ዓመት ስኮትላንድ ሲላክ እናቴንና እኔን ይዞ ሄደ። ስምንት ዓመቴ ነበር። የሚያጠናቸው በጎች ገጠር ስለነበሩ እኛም ገጠር ገባን። መንደሩ አንድ መንገድ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ግራጫ የድንጋይ ቤቶች፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ወዲያ በግ ብቻ። ከሁሉም በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ግንቡ አለ።

እናቴ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። የደረስን ዕለት ከአውቶቡስ ወርዳ ጉሙን፣ የድንጋይ ካቡን፣ ዝናብ እየወረደባቸው ቆመው የሚያመነዥጉትን በጎች አየችና፣ «ደብረ ብርሃን ነው እኮ። ሰዉ ነጣ እንጂ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ብርዱ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም።

እትዬ ኤልሲ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ስማቸው ኤልሲ ነው። «እትዬ»ን የጨመረችው እናቴ ናት፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሴት በባዶ ስማቸው መጥራት ነውር ሆነባት። እሳቸውም ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቁ «እትዬ ኤልሲ» ስንላቸው አቤት ማለት ጀመሩ። ስልክ የነበራቸው እሳቸው ስለሆኑ ከአገር ቤት የሚደወልልን በእሳቸው ቤት ነበር።

የግንቡ ቁልፍ ያለውም እሳቸው ዘንድ ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር ከዚያ ወዲህ የትም አላየሁም። ግንቡ የመንግሥት ነው፣ ጠባቂ ግን የለውም፣ ቲኬት ቆራጭም የለውም። በሩ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ «ቁልፉ ከታች ባለ አረንጓዴ በር ቤት ይገኛል» ትላለች። የመጣ ሰው ኮረብታውን ወርዶ የእትዬ ኤልሲን በር ያንኳኳል። ቁልፉ ከመዳፌ እስከ ክርኔ የሚደርስ ጥቁር ብረት ነበር። ድሮ ራሳቸው ይወጡ ነበር፤ እኛ ስንደርስ ግን ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ቁልፉን ይዤ ከጎብኚ ፊት ፊት መውጣት የኔ ሥራ ሆነ። ለድካሜ ቅቤ የበዛበት ደረቅ ብስኩት ይሰጡኛል።

ለጎብኚ ምን እንደምናገር ያስጠኑኝም እሳቸው ናቸው። ግንቡ አራት ፎቅ ነው፤ ጣሪያ የለውም፤ ላይኛው ላይ ቁራዎች ይኖራሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው የእሳት ማንደጃ አንድ ታክሲ ያስገባል። በየመስኮቱ ሁለት ሁለት የድንጋይ መቀመጫ ፊት ለፊት ተጠርቦ አለ። ከወለሉ በታች እስር ቤት አለ፤ በር የለውም፣ ከላይ በቀዳዳ ነው ሰው የሚወርድበት። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ እንደ ጥቅስ ሸምድጄው ነበር።

«የማነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

«የጌቶቹ።»

«የት ናቸው?»

«ለጊዜው ቤት የሉም» አሉ ፈገግ ሳይሉ። «ያንቺ ቤት ራሱ የነሱ ነበር። የአትክልተኛቸው ቤት ነው።»

ቀልድ ነው። ጌቶቹ ካለቁ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። ጎብኚ ሁሉ ሲስቅ ስላየሁ እኔም እንደሳቸው ፈገግ ሳልል «ለጊዜው ቤት የሉም» ማለት ለመድኩ። እኔ ግን አምኜው ነበር። የሌለ ሰው ይመለሳል፤ ባይመለስ ኖሮ ቁልፉ ለምን ይቀመጣል? ሲመለሱ ደግሞ የአትክልተኛ ቤታቸውን ይፈልጉታል። ይህን ስጋት ለማንም ሳልነግር ክረምቱን ሙሉ ይዤው ከረምኩ።

በዚያው ክረምት እናቴ ሹራብ መሥራት ተማረች። እንግሊዝኛዋ ከሰላምታና ከሱቅ አያልፍም፤ እትዬ ኤልሲም ከ«እትዬ»ና ከ«አቤት» በቀር አማርኛ አያውቁም። ከምሳ በኋላ እሳት ዳር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እትዬ ኤልሲ የእናቴን እጅ ይዘው መርፌውን ይመሩላታል፤ ስትሳሳት ጣቷን መታ ያደርጋሉ፤ ስትጨርስ «እም» ይላሉ። ክሩ ከጎረቤት እርሻ የመጣ፣ ቅባቱ ገና ያልለቀቀ ሱፍ ነበር። ከውጭ ገብተው የሚሰቅሉት ካፖርት ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ያ ሽታ ከዚያ ነው።

እናቴ የመጀመሪያ ሹራቧን ለጋሽ ታደሰ ልትሠራ ቆረጠች። ጋሽ ታደሰ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ ነው። ጌታን ስትቀበል ዘመድ ሁሉ ከቤት ትውጣ ብሎ ሲነሳባት እሱ ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ፣ «ጸሎቷን እንደፈለገች ታድርግ፤ ራቷን ግን ከኔ ጋር ትበላለች» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። እናቴ በጸሎቷ የማንንም ስም ከሱ ስም በፊት አታነሳም ነበር። ደረቱን ያመዋል፤ የደብረ ብርሃን ክረምት አይስማማውም። «ሐምሌ ሳይገባ ይደርስለታል» ትላለች መርፌዋን እየነዳች።

ጀርባው አለቀ፣ ፊቱ አለቀ፣ አንደኛው እጅጌ አለቀ። ከዚያ፣ በጎቹ በሚወልዱበት ወራት፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ስልኩ ተደወለ። ጋሽ ታደሰ ሞቷል።

ያን ቀን ምን እንደሆነ የነገረኝ አባቴ ነው። የደወለው የሥራ ባልደረባው ነበር። አባቴ ስልኩን እንደያዘ በእትዬ ኤልሲ ኮሪደር ወለል ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ሻይ አምጥተው፣ ያን የማይታዘዝ ጉልበታቸውን አጥፈው አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ነገራቸው። ለሚስቱ እንዳይነግሩ ለመናቸው። ቃል ገቡለት።

እዚህ ተወልደው ላደጉት ነው ይህን የማስረዳው። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ የሚይዝ ይይዛል፣ የሚያለቅስ አብሮ ያለቅሳል። እዚህ አትላንታም ቢሆን ያው ነን፤ እህታችን ሺፍት ከመግባቷ በፊት አፓርትማዋ ጀርባ መኪናችንን ፓርክ አድርገን፣ መብራት አጥፍተን፣ ሁሉም እስኪደርስ እንጠባበቃለን። አባቴ ግን በዚያ መንደር ማንን ይሰብስብ? የኛ አገር ሰው በአቅራቢያው የለም። ብቻውን ነግሯት ራሷን ብትጥል ማን ይይዛታል? ስለዚህ ነሐሴ ላይ አገራችን ስንገባ ዘመዶቿ ያርዷት ብሎ ወሰነ። ክፋት አልነበረበትም። የሚያውቀው ደንብ ይኸው ነው።

ያ ውሳኔ ምን ያህል እንደከበደው ያወቅሁት አድጌ ነው። አንድ ምሽት እናቴ መሐል ቤት አቆመችው።

«እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋ። ያለቀውን እጅጌ ክንዱ ላይ ለካችው።

«ያንተ እጅ አጭር ነው። የሱ ትንሽ ይረዝማል። ትከሻውም ይሰፋል። ቀጥ በል እንጂ።»

«ቀጥ ብያለሁ።»

«ምን ሆነሃል? ላብ አጠመቀህ እኮ።»

«እሳቱ ነው» አለ አባቴ። እጁን እንደዘረጋ ቆሞ፣ ሙት የሚለካበት ሰው ሆኖ፣ ግድግዳውን ያያል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ እያየሁት እስክስታ የሚጀምር መስሎኝ ስቄአለሁ።

በዚያው ሰሞን እትዬ ኤልሲ ተለወጡ። ሁለተኛው እጅጌ ላይ እናቴ የሠራችውን ሁሉ ያበላሹባታል። ወደ መስኮት ወስደው በብርሃን ያዩታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መርፌውን ይነቅሉና ይተረትሩታል። እናቴ ትጀምራለች። በማግስቱ አሁንም ይተረትሩታል። አንድ ቀን ብቻ እናቴ ወደኔ ዞራ፣ «የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ጠይቂያቸው» አለችኝ። ጠየቅሁ። እትዬ ኤልሲ፣ «ጠበቅ ብሏል» አሉ። በማግስቱ «ላልቷል» አሉ። እኔ በልቤ ጌቶቹ ሊመለሱ ስለሆነ ነው ጠሉን አልኩ። ብስኩታቸውንም ጥቂት ቀን አልበላ ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎብኚዎች ሸኝቼ ግንቡ ውስጥ ጠመዝማዛው ደረጃ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ። ከታች ከአዳራሹ ድምፅ ሰማሁ። አባቴና እትዬ ኤልሲ ናቸው። እናቴ እንዳትሰማቸው መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ እኒያ ሴትዮ ያን ሁሉ ዳገት መውጣታቸው ራሱ አስደነገጠኝ። የድንጋይ ቤት ነውና ቃል አያመልጥም።

«ዶክተር፣ ከዚህ በላይ አልችልም» አሉ እትዬ ኤልሲ።

«ነሐሴ ሩቅ አይደለም። ቃል ገብተውልኛል።»

«ቃል የገባሁልህ አፌን ልዘጋ ነው። አሁን ግን በእጄ እየዋሸኋት ነው። እሱ ይብሳል።»



«ነገሩ የሷ ነው» አሉ። «ያንተ አይደለም፣ የኔም አይደለም። ልትሰማው ይገባል።»

«ብቻዬን አልችልም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር በሰው ነው የሚሆነው።»

«ስንት ሰው ያስፈልግሃል?»

«የተገኘውን ያህል።»

«መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ፣ ከቤት ሳትወጣ። ሰዎቹ መጀመሪያ እሷ ከማታያቸው ቦታ ይሰበሰባሉ። ከዚያ አንድ ላይ ይመጣሉ። ግራና ቀኝ የሚይዟት ጠንካራ ሴቶች ያስፈልጋሉ። ትታገላለች።»

ከደረጃው አጮልቄ ሳይ፣ እትዬ ኤልሲ ዙሪያቸውን ያን ሰፊ አዳራሽ አዩ። «ቦታስ አለን» አሉ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ልጅ ምን ያስብ? ጌቶቹ ሊመጡ ነው። ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስበው እናቴን ግራና ቀኝ ይዘው ከቤት ሊያወጧት ነው። አባቴም ተስማምቷል። የትልልቅ ሰዎች ወሬ ተደብቄ ሰማሁ ማለት ቅጣት ስላለው ማንንም አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ የትራስ ልብሴን አወለቅኩና ዕቃዬን ከተትኩበት፤ የትምህርት ቤት ጫማዬን፣ የሰንበት ቀሚሴን፣ መጽሐፍ ቅዱሴን። አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ማታ ማታ እጄን አስገብቼ መኖሩን አረጋግጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ንጋት ላይ ነቃሁ። መስኮቴ ወደ ኮረብታው ነው የሚያየው። ግንቡ ውስጥ መብራት አለ። ጨለማው ገና አልለቀቀም፤ በዚያ ጣሪያ በሌለው ቤት መስኮቶች ብርሃን ወዲህ ወዲያ ይላል። በዚያ ሰዓት ግንቡ ተከፍቶ አያውቅም። ጌቶቹ ገብተዋል አልኩ። ቀጥሎ መብራቶቹ አንድ በአንድ በበሩ ወጡና ተሰልፈው ቁልቁል ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ።

ጥቅሌን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ደረጃውን ወረድኩ። እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ተከናንባ ወጥ ቤት ተንበርክካ ትጸልያለች። ብዙ እግር ጠጠሩ ላይ ሲመጣ ሰማች። ተነሳች።

«ማን ነው?» ብላ በሩን ከፈተች።

የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ለቀብርና ለሰንበት ብቻ የሚያወጡትን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ካፊያው ላያቸው ላይ ያብረቀርቃል፤ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ከነብርዱ ወደ ቤት ገባ። ፊት ለፊት እትዬ ኤልሲ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ግራና ቀኛቸው አስተማሪዬና የሱቋ ባለቤት ናቸው። አባቴ ከኋላ ነው። አንድም ሰው አልተናገረም።

እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጎህ ሲቀድ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ዝም ያለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለሷ የሚያስረዳት አላስፈለገም። ቅድም የጠየቀችውን እንደገና ጠየቀች፤ አሁን ግን ስለ በሩ አልነበረም።

«ማን ነው?» አለች።

«ጋሽ ታደሰ» አለ አባቴ።

ራሷን ጣለች። መሬት ግን አልደረሰችም። አስተማሪዬ በአንድ ወገን፣ የሱቋ ሴትዮ በሌላ ወገን፣ ወገቧንና ክንዷን ጨምድደው ያዟት። ትታገላቸዋለች፣ አይለቋትም። እኔ ያየሁት ሊጎትቷት ሲታገሉ ነው። ጥቅሌን ይዤ መሐላቸው ገባሁ።

«ልቀቋት» አልኩ በእንግሊዝኛ። «እኛ ራሳችን እንወጣለን። ዕቃዬን አዘጋጅቻለሁ። እኛ ራሳችን እንወጣለን።»

አስተማሪዬ እናቴን ሳትለቅ ወደ ታች አየችኝ፣ ጥቅሌንም አየችው። «ማንም የትም አይሄድም፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። «አጎትሽ ሞቶ ነው።»

እንዲህ ነው እኔም የተረዳሁት።

በኋላ እንደሰማሁት፣ አባቴ በዚያ ንጋት አዳራሹ ውስጥ በባትሪ ብርሃን አሠልጥኗቸዋል። አስተማሪዬ እናቴን ሆና ራሷን ትጥላለች፣ ሌሎቹ ይይዟታል። የሱቋ ሴትዮ፣ «ብታመልጠኝስ?» ብትል፣ እትዬ ኤልሲ፣ «የዱቄት ጆንያ ብቻሽን የምታነሺ ሴት ነሽ፣ ንግሥት አንቺን የት ታመልጣለች» አሏት። የእናቴ ስም ንግሥት ነው።

ማልቀስ ግን አልቻሉበትም። ከነካፖርታቸው ዙሪያዋን ተቀምጠው፣ እናቴ ወንድሟን እየጠራች ስታለቅስ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ ሆነው ያዳምጣሉ። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ አጠገቧ ያለችው እጇን ትይዝና ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንዷ ስትሄድ አንዷ ትተካለች፤ ወረፋ ማውጣታቸው ነው። ሾርባ ያመጣሉ። በሁለተኛው ቀን እናቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና፣ «ገብስ ነው» አለች። ከልቅሶ ሌላ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ሴቶቹ ወደየሥራቸው ከተመለሱ በኋላ እትዬ ኤልሲ አንድ ከሰዓት ብቻቸውን መጡ። የሹራቡን ቅርጫት ይዘዋል። እሳት ዳር ተቀመጡ፣ ቅርጫቱን ግን አልከፈቱም። እናቴ ናት ጎትታ ያወጣችው። ጀርባውን፣ ፊቱን፣ ያለቀውን እጅጌ ጭኗ ላይ አነጠፈች። መርፌው ላይ ያለውን ሁለተኛውን እጅጌ በሁለት እጇ ወጠር አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት? በያቸው» አለችኝ።

አልኳቸው።

«የመጀመሪያው እጅጌ ካለቀ ጀምሮ» አሉ እትዬ ኤልሲ። ነገርኳት።

 ጣቷ እጅጌው ላይ መስመር መስመሩን ይሄዳል። «እንግዲያ ይኼ ሁሉ ሲተረተር የነበረው…» አለችና ተወችው። ይህን አልተረጎምኩም። እትዬ ኤልሲ ግን የእናቴን ጣት ሲከታተሉ ነበር።

«ካለቀ ትልክለታለች ብዬ ነው» አሉ። «እንከን አልነበረውም። አንድም ቀን አልነበረውም። ንገሪያት።»

ነገርኳት። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። አልተቆጣችም። አባቴን ግን ለጥቂት ሳምንታት ዓይኑን ሳታይ ነው ምግብ ያቀረበችለት፤ ያንን የሁለቱ ነገር ነውና አልፈዋለሁ።

«ከእንግዲህ አይተርትሩብኝ በያቸው» አለች። «ልጨርሰው ነው።»

«ለማን?» አሉ እትዬ ኤልሲ።

«ልጅ አለው። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ትከሻው እስኪደርስለት ይቆየዋል።»

መርፌዋን አነሳች። እትዬ ኤልሲ ወንበራቸውን አስጠግተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን በዓይናቸው እንጂ በእጃቸው አልነኩትም።

ያኔ በር ተንኳኳ። እትዬ ኤልሲን ቤታቸው ያጣ ጎብኚ ነው፤ አንድ ሰውዬና ሚስቱ፣ የዝናብ ካፖርት የለበሱ። እትዬ ኤልሲ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ፊት ፊት እየሄድኩ ኮረብታውን ወጣን። በሩ ዘንድ ስንደርስ ሰውየው ቀና ብሎ ያን ሁሉ ድንጋይ አየና፣ ልጅ ለማጫወት ያህል፣ «ባለቤቶቹ አሉ?» አለኝ።

ምን እንደምል አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስለው የከረምኩት ነው።

«የሉም» አልኩት። «ሞተዋል።»

«አዝናለሁ» አለ ሰውየው።

ቁልፉን በሁለት እጄ አዙሬ ከፈትኩላቸው።